ቀዳዳውን ማን በሳው?

ከሐዋሳ ተነስቶ የባሕር ድንጋይ የሚፈልግ ሰው ሩቅ መሄድ አለበት። ታቦርም አላሙራም የእሳተ ገሞራ ሥራ ናቸው፤ ከሐይቁ ማዶ ያለው ኮርቤቲም እንዲሁ። ከተማዋ የቆመችበት መሬት የእሳተ ገሞራ አመድና ሐይቁ ያስቀመጠው ደለል ነው። ነገር ግን በመሃል ከተማ አንድ ፎቅ በተጀመረ ቁጥር የጥንት ባሕር በከረጢት ታሽጎ ይራገፋል። እነሙገርና እነደርባ ሲሚንቶ የሚሠሩት ከኖራ ድንጋይ ነው። የሙገር አካባቢ የኖራ ድንጋይ ደግሞ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ፣ ዛሬ ኢትዮጵያ የምንለውን ምድር ሸፍኖ በነበረ ጥልቀት የሌለው ባሕር ወለል ላይ የተከማቸ የኖራ ጭቃና የእንስሳት ቅርፊት ነው።

እቶን ውስጥ የገባው ቅርፊት ታሪኩ እዚያው ያበቃል። ሳይፈጭና ሳይቃጠል በየገደሉ የቀረው ግን ይነበባል፤ ይህ ጽሑፍም ስለ ንባቡ ነው። ትምህርት ቤት ስለ ቅሪተ አካል ስንማር ብዙውን ጊዜ የሚነገረን የእንስሳው ስምና ዘመኑ ነው፦ ይህ ኦይስተር ነው፣ ይህ ቀንድ አውጣ ነው፣ ይህ የጁራሲክ ዘመን ነው። ልክ ነው፤ ግን ግማሹ ነው። ባለ ቅርፊቱ እንስሳ በሕይወት ሳለ ብቻውን አልኖረም። ሊበላው የመጣ ነበር፤ ጀርባው ላይ ቤት የሠራ ነበር፤ ግድግዳውን ቦርቡሮ የገባም ነበር። ይህ ሁሉ በቅርፊቱ ላይ ምልክት ትቷል። ብዙ እንስሳት በአንድ ድንጋይ ውስጥ አብረው መገኘታቸው ጎረቤት እንደነበሩ ሊያሳየን ይችላል። ማን ማንን እንደነካ የሚመሰክሩት ግን እነዚህ ቀዳዳዎችና ጠባሳዎች ናቸው፤ ለዚህም ይመስለኛል ከስሙ ቀድመው ሊታዩ የሚገባቸው።

መጀመሪያ ስለ ባሕሩ ጥቂት እንበል። በጁራሲክ ዘመን አፍሪካ ከሕንድና ከማዳጋስካር ጋር የነበራት ትስስር ሲላላ ውሃው ከደቡብ ምሥራቅ ገባ። ኦጋዴንን ሸፈነ፣ ሐረርንና ድሬዳዋን አለፈ፣ በኋላም እስከ ዓባይ ተፋሰስና እስከ ትግራይ ደረሰ። ያስቀረልንን ድንጋይ በሳይንስ ስም የሰየመው ዊሊያም ብላንፎርድ ነው። ብላንፎርድ እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር በአፄ ቴዎድሮስ ላይ ወደ መቅደላ ሲዘምት አብሮ የመጣ ጂኦሎጂስት ነበር። ከመቀሌ በስተ ደቡብ ባለችው በሕንጣሎ ስም የኖራ ድንጋዩን አንታሎ አለው፤ ያየውንም እ.ኤ.አ. በ1870 በመጽሐፍ አሳተመ። የአንታሎ ኖራ ድንጋይ የሚለው ስም እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በመቀሌ ዙሪያ ውፍረቱ 700 ሜትር ያህል ይደርሳል።

ለመሃል አገር ሰው ቅርቡ መመልከቻ የዓባይ በረሃ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ የሚወርደው መንገድ ለጂኦሎጂ ተማሪ ሆን ተብሎ የተቀደደ ይመስላል። ከላይ ጥቁሩ ባዛልት አለ። ከሥሩ አሸዋ ድንጋይና ጭቃ ድንጋይ ይከተላሉ። ቀጥሎ ደረጃ ደረጃ የሠራው ነጣ ያለ ቢጫማ የኖራ ድንጋይ ይመጣል፤ ከእሱ በታች ጂፕሰም፣ ወደ ወንዙ ሲጠጉ ደግሞ የታችኛው አሸዋ ድንጋይ። የባሕር እንስሳቱ ያሉት በኖራ ድንጋዩ ውስጥ ነው፦ ኦይስተሮች፣ ከኦይስተር ጋር የሚመሳሰሉ ግን ዘመድ ያልሆኑ ብራኪዮፖዶች፣ ቀንድ አውጣዎች፣ ኮራሎች፣ እሾኻማ የባሕር እንስሳት።

እንግዲህ አንድ ቅርፊት አንስተን ክብ ቀዳዳ አየንበት እንበል። መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው ሥጋ በሊታ ቀንድ አውጣ ነው፤ ሥራውን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ዛሬም በባሕር አሸዋ ውስጥ እየተሹለከለኩ የሚያድኑ ናቲሲድ የሚባሉ ቀንድ አውጣዎች አሉ። ናቲሲዱ ሁለት ክዳን ያለው እንስሳ ሲያገኝ በሰፊ እግሩ ይጠቀልለዋል። ለመስበር አይታገልም። ከአፉ ሥር ካለ ልዩ አካል አሲድነት ያለው ፈሳሽ ያመነጫል፤ ፈሳሹ ኖራውን ያላላዋል። ከዚያ ጥቃቅን ጥርሶች የተደረደሩበት ምላሱ የላላውን ይፍቃል። እንደገና ፈሳሽ፣ እንደገና መፋቅ። ወፍራም ቅርፊት ከሆነ ሥራው ቀናት ሊፈጅ ይችላል። ቀዳዳው ሲያልፍ አዳኙ አፉን አሾልኮ በውስጥ ያለውን ሥጋ ይበላል፤ ቅርፊቱ ሳይሰበር ባዶውን ይቀራል።

የናቲሲድ ቀዳዳ ከውጭ ሰፊ ነው፤ ወደ ውስጥ እየጠበበ ይሄዳል። ሙሪሲድ የሚባሉት ሌሎቹ ቦርቧሪዎች ግን በአብዛኛው ግድግዳው ቀጥ ያለ ቀዳዳ ነው የሚበሱት። ናቲሲዱ ሥራውን ሳይጨርስ ከተወው የጉድጓዱ መሃል ላይ ትንሽ ጉብታ ይቀራል፤ በአጉሊ መነጽር በደንብ ይታያል። አዳኙ ራሱ ድንጋይ ውስጥ ባይገኝ እንኳ ከዚህ ብቻ የየትኛው ወገን እንደነበር መለየት ይቻላል። የቀዳዳው ስፋት የአዳኙን መጠን ይጠቁማል። ቀዳዳዎቹ በብዙ ቅርፊቶች ላይ አንድ ዓይነት ቦታ ላይ ከተገኙ አዳኙ ምርኮውን የሚይዝበት ቋሚ ልማድ ነበረው ማለት ነው። ያልተጠናቀቁት ከተጠናቀቁት ጋር ሲነጻጸሩ ደግሞ ስንቱ ታዳኝ እንዳመለጠ ይገመታል። ከአንዲት የሚሊሜትር ቀዳዳ ይህን ያህል ዕውቀት መገኘቱ ዛሬም ያስደንቀኛል።

ነገር ግን በዓባይ በረሃ የጁራሲክ ቅርፊት ላይ ክብ ቀዳዳ ያየ ሰው ቸኩሎ ናቲሲድን መክሰስ የለበትም። ቅርፊት መብሳት ራሱ እጅግ ጥንታዊ ነው፤ በቻይና ክላውዲና በምትባል 550 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባላት ጥቃቅን የቱቦ ቅርፊት ላይ ሳይቀር የተበሱ ቀዳዳዎች ተገኝተዋል። ይሁንና በጁራሲክ ባሕር ውስጥ እንዲህ ያለ አደን ብርቅ ነበር። የቀንድ አውጣዎቹ ቀዳዳ በየቦታው የበዛው ከዚያ በኋላ፣ በክሪቴሺየስ ዘመን ነው።

ይህን ለውጥ ከሁሉ አጉልቶ ያሳየው ሰው ዓይነ ስውር ነው። ጊራት ቨርሜይ በኔዘርላንድ ተወለደ፤ አራት ዓመት ሳይሞላው የዓይኑን ብርሃን አጣ፤ በኋላም በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ፕሮፌሰር ሆነ። ቅርፊቶችን የሚያጠናው በጣቶቹ እየዳሰሰ ነው። እኛ በዓይናችን የምናልፋቸውን የተጠገኑ ስብራቶች፣ የወፈሩ ከንፈሮች፣ የጠበቡ አፎች ጣቱ አላለፋቸውም። እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በዳይኖሰሮቹ ዘመን የባሕር አዳኞች ሰባሪም ቦርቧሪም ሆነው እየበረቱ እንደሄዱና ታዳኞቹም ቅርፊታቸውን እያጠናከሩ ወይም ወደ አሸዋው እየተቀበሩ እንደመለሱ አስረዳ። ለውጡንም የሜሶዞይክ የባሕር አብዮት አለው። የአንታሎ ባሕር በዚህ አብዮት መጀመሪያ ገደማ ላይ የነበረ ባሕር ነው። እኔ የዓባይን ድንጋይ የምወደው በተለይ ለዚህ ነው፤ ቦርቧሪዎቹ ገና ያልበረከቱበትን ዘመን ያሳያል። የኋለኛውን ዘመን ቅርፊት የሚፈልግ ደግሞ ወደ ምሥራቅ ኦጋዴን ይሂድ። እዚያ አውራዱ የሚባለው የኖራ ድንጋይ ደጋው ከባሕር ከወጣ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በኋላ የተሠራ ነው፤ የቦርቧሪ ቀዳዳ መፈለግ ያለበት እንደዚያ ባለ ድንጋይ ነው።

ታዲያ የጁራሲኩን ቅርፊት ማን በሳው? ተጠርጣሪዎቹ ብዙ ናቸው። ክሊዮና የሚባለው የስፖንጅ ወገን ኖራውን በጥቃቅን ስባሪ እየቀረፈ ያወጣና በቅርፊቱ ውስጥ ክፍል ክፍል ይሠራል። እንዲህ ያለ ሥራ ከላይ ሲታይ የብዙ ጥቃቅን ቀዳዳዎች መንጋ ነው፤ ቅርፊቱ ሲሰበር ቀዳዳዎቹ ውስጥ ለውስጥ የተገናኙ ሆነው ይገኛሉ። ትሎች ደርሶ መልስ ቦይ ይቆፍራሉ፤ ስለዚህ ሁለቱ አፎች ጎን ለጎን ይገኛሉ። ድንጋይ በስተው የሚኖሩ ሁለት ክዳን ያላቸው እንስሳት አሉ፤ የእነሱ ጉድጓድ አፉ ጠባብ፣ ወደ ውስጥ ሲገቡ ሰፊ ነው፤ ከናቲሲዱ ፍጹም ተቃራኒ። አንዳንዴ ቅርፊቱን የሠራው እንስሳ ከጠፋ በኋላም ቦርቧሪው ራሱ እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ ይገኛል። እነዚህ ሁሉ ሥጋ አልፈለጉም፤ የፈለጉት መጠለያ ነው። ሥጋ የሚፈልግ ወደ ሥጋው ሲደርስ ያቆማል፤ መጠለያ የሚፈልግ በግድግዳው ውስጥ ይቀራል፤ ልዩነቱን መያዝ ያለብን እዚህ ላይ ነው።

ሳይበሱ በላይ የሚለጠፉም አሉ። ኦይስተር እጭ ሳለ ይዋኛል። ሲያርፍ የግራ ክዳኑን ከጠንካራ ነገር ጋር ያጣብቅና ከዚያ በኋላ ቦታውን አይለቅም። ያረፈው አሞናይት በሚባል የጠፋ የባሕር እንስሳ ቅርፊት ላይ ከሆነ የክዳኑ ሥር ሰም ላይ እንደተመታ ማኅተም የአሞናይቱን ሸንተረሮች ይይዛል። ሁለቱ ክዳኖች ጠርዝ ለጠርዝ መግጠም ስላለባቸው የላይኛው ክዳንም፣ አሞናይቱን ሳይነካ፣ ያንኑ ሸንተረር ይደግማል። የአሞናይት ቅርፊት አራጎናይት ከሚባል በቀላሉ ከሚሟሟ የኖራ ዓይነት የተሠራ ነው፤ ኦይስተሩ ግን በአብዛኛው ካልሳይት ነው፤ ካልሳይት ይጸናል። ስለዚህ በድንጋዩ ውስጥ ለሚሊዮን ዓመታት ውሃ ሲያልፍ አሞናይቱ ሊጠፋ፣ መልኩ ግን በጎረቤቱ ገላ ላይ ሊቀር ይችላል። አንድ ተራ ኦይስተር ገልብጦ ማየት የጠፋ እንስሳ ያስገኛል ማለት ነው።

የተለጠፈው እንግዳ የመጣው አስተናጋጁ በሕይወት እያለ ነው ወይስ ከሞተ በኋላ? ይህን የሚለይ ቀላል ዘዴ አለ። እንግዳው፣ ለምሳሌ የኖራ ቱቦ የሚሠራ ትል፣ በቅርፊቱ የውስጥ ገጽ ላይ ከተገኘ ባለቤቱ ሞቶ ክዳኖቹ ተከፍተው ነበር፤ ሥጋ ባለበት ቤት ውስጥ ቱቦ አይሠራም። በውጭው ላይ ከሆነ ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ቅርፊቱ በእድገቱ የትሉን ቱቦ በከፊል ከሸፈነው፣ ወይም በቱቦው ምክንያት ጠርዙ ከተጣመመ ግን አስተናጋጁ በሕይወት ነበር፤ የሞተ ቅርፊት አያድግም። ብዙ ትሎች ወደ አስተናጋጁ አፍ አቅጣጫ እየተሰለፉ ያደጉ ከሆነ ደግሞ ምግብ ከሚገባበት የውሃ ፍሰት ለመካፈል ሳይሆን አይቀርም። ምልክትን ከምልክት በላይ የሚያናግረው ማን ቀደመ የሚለው ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ ጠባሳ። ሸርጣን ቀንድ አውጣን ሲያጠቃ ብዙውን ጊዜ ከቅርፊቱ አፍ ጠርዝ ጀምሮ በጥፍሩ እየቆረሰ ይገባል። ቀንድ አውጣው ወደ ውስጥ ሸሽቶ ከዳነ ቅርፊት የሚሠራው ስስ ሥጋው ከስብራቱ ጠርዝ ላይ አዲስ ኖራ መጣል ይጀምራል። በቅርፊቱ ላይ እኩል ተሰድረው የሚሄዱት የእድገት መስመሮች ድንገት በተጋጠበ መስመር ይቆረጣሉ፤ ከመስመሩ ወዲያ ደግሞ አዲሱ ቅርፊት ይቀጥላል። ያ መስመር እንስሳው ተጠቅቶ መትረፉን ይናገራል።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚስተው ነገር አለ። በአንድ ንብርብር ውስጥ ጠባሳ በዛ ማለት አዳኝ በዛ ማለት ብቻ አይደለም። ጠባሳ የሚይዘው የተረፈ ብቻ ነው፤ ያልተረፈው ተሰባብሮ በድንጋዩ ውስጥ ስባሪ ሆኗል። ስለዚህ ብዙ ጠባሳ አዳኙ ብዙ ግን ደካማ እንደነበር፣ ወይም ቅርፊቱ ጠንካራ እንደነበር ሊያመለክት ይችላል። ጥቂት ጠባሳ ደግሞ ሰላምንም፣ ሁሉን የሚጨርስ አዳኝንም ሊያመለክት ይችላል። ከቀንድ አውጣው ቀዳዳ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ የተጠናቀቀ ቀዳዳ የሞት መረጃ ነው፣ ጠባሳ የሕይወት። ሁለቱን በአንድ መዝገብ የሚደምር ጥናት ያሳስታል።

በአፋር የነበረው ባሕር ከዚህ ሁሉ ወጣት ነው። የአሞሌ ጨው የሚቆረጥበት የደናክል ዝቅታ አንድ ጊዜ የቀይ ባሕር ክንድ ነበር። በጨው ሜዳው ዳርቻ ከ125,000 ዓመት ገደማ በፊት የነበረ የኮራል አለት ከነቅርፊቱ በደረቅ መሬት ላይ ቆሟል። የዚያ ዘመን ፍጥረታት ከዛሬዎቹ የቀይ ባሕር ነዋሪዎች ብዙም ስለማይለዩ ምልክቶቻቸውን ከሕያዋኑ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። በዚያው ዘመን ሌላ አዳኝ ተጨምሯል። በኤርትራ የዙላ ባሕረ ሰላጤ፣ አብዱር በሚባል ቦታ፣ ወደ 125,000 ዓመት ገደማ ባለው የኮራል አለት ውስጥ የድንጋይ መሣሪያዎች ከኦይስተር ቅርፊቶች ጋር ተገኝተዋል፤ ግኝቱም እ.ኤ.አ. በ2000 ኔቸር በተባለው መጽሔት ታትሟል። ሰው ከባሕር ምግብ መልቀም ከጀመረባቸው ጥንታዊ ምስክሮች አንዱ ተደርጎ ይጠቀሳል።

የሐዋሳ ሰው ከነዚህ ሁሉ ቦታዎች ይርቃል፤ ለመለማመድ ግን የሐይቅ ቅርፊት አለው። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ ከ9,000 ዓመት ገደማ በፊት አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ፤ ሞልቶም ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። በቡልቡላ ወንዝ ዳር የዚያ ሐይቅ ደለል ከነቀንድ አውጣዎቹ ተቆርጦ ይታያል። ናቲሲዶችም ሙሪሲዶችም የባሕር ፍጥረታት ስለሆኑ በሐይቅ ቅርፊት ላይ ክብ ቀዳዳ ያገኘ ሰው ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት፤ የወፍ መንቁር፣ መረገጥ፣ ከአሸዋ ጋር መፋተግ። ጠባሳ ግን በሐይቅም አለ። በታንጋኒካ ሐይቅ ቀንድ አውጣዎቹ ለሐይቅ እንስሳ በማይጠበቅ ሁኔታ ወፍራምና ጌጠኛ ቅርፊት አላቸው፤ ቅርፊት የሚሰብሩ ሸርጣኖችም አብረዋቸው ይኖራሉ። አጥኚዎች ሁለቱ በረጅም ዘመን እርስ በርስ እየተገፋፉ እንደጠነከሩ ያስባሉ።

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ለሚለማመድ ሰው አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ ቅርፊቱን ከደረቁ ዳርቻ ይልቀም እንጂ ውሃው ውስጥ አይግባ። አካባቢው ቢልሃርዝያ አለበት፤ ትሉ ሰውን ከመያዙ በፊት የሚያድገው በቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። ይህም በፍጡራን መካከል ያለ ግንኙነት ነው፤ በቀንድ አውጣው ቅርፊት ላይ ግን በዓይን የሚታወቅ ምልክት አይተውም። ከቢልሃርዝያ ጋር በአንድ ክፍል የሚመደቡ ሌሎች ጥገኛ ትሎች ግን ሁለት ክዳን ባላቸው የባሕር እንስሳት ቅርፊት ውስጠኛ ገጽ ላይ ጠርዙ ከፍ ያለ ጥቃቅን ጉድጓድ ያስከትላሉ፤ በቅሪተ አካል ላይም ተገኝቷል። ስለዚህ ቅርፊት የበሽታ ታሪክ መዝገብም ሊሆን ይችላል።

በገደል ላይ ቅሪተ አካል ያገኘ ሰው ባያነሳው ይመረጣል፤ መለኪያ የሚሆን ነገር አጠገቡ አስቀምጦ ፎቶ ያንሳው፣ ቦታውን ይመዝግብ፣ ለሚመለከተው ያሳውቅ። በእጁ የገባ ካለ ደግሞ በብሩሽ አይፈትገው። የተለጠፈውን የትል ቱቦና የኦይስተር ስባሪ ቆሻሻ መስሎት የሚያጸዳ ሰው የሚጥለው ዋናውን መረጃ ነው። የውስጡን ገጽ ሳያይም አይተወው።

የሰው እጅ የገባበት ቀዳዳ ከሁሉ ይከብዳል። ከድሬዳዋ አቅራቢያ ያለው ፖርክ ኤፒክ ዋሻ እ.ኤ.አ. በ1929 ለምርምር ታወቀ፤ ያገኙትም ሄንሪ ደ ሞንፍሬይድና ፒየር ቴያር ደ ሻርዳን ናቸው። ከዚህ ዋሻ ቁፋሮ ከወጡት ነገሮች መካከል መሃላቸው ቀዳዳ የሆነ ከ400 በላይ ክብ ጠፍጣፋ ክዳኖች ይገኛሉ። ክዳኖቹ የአንድ የየብስ ቀንድ አውጣ የአፍ መዝጊያዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 ኢትዮጵያዊው ዘላለም አሰፋና ባልደረቦቹ ጥናታቸውን ሲያሳትሙ፣ ወደ 40,000 ዓመት ገደማ በፊት የኖሩ ሰዎች ለጌጥ ዶቃነት ሳይጠቀሙባቸው አልቀረም የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ዛሬ በደቡብ የሐመር ሴቶች በቆዳ ልብሳቸው ላይ ዛጎል ሲደረድሩ ለሚያይ ሰው ሐሳቡ እንግዳ አይሆንም። ሳይንሱ ግን ሌሎች ጥያቄዎችን ያስከትላል። ቀዳዳው በሰው የተበሳ ነው ወይስ በተፈጥሮ የተከፈተ? ክዳኖቹ ራሳቸው ዋሻው ውስጥ የኖሩ ቀንድ አውጣዎች ቅሪት ናቸው ወይስ ሰው ለቅሞ ያመጣቸው? ለእንዲህ ዓይነት ጉዳይ አጥኚ የቀዳዳውን ጠርዝ በማይክሮስኮፕ ያያል፤ ክር ለረጅም ጊዜ ያለፈበት ጠርዝ ይለሰልሳል፣ በአንድ ወገንም ይበላል። ቀዳዳ የሌላቸው ክዳኖች አብረው መገኘት አለመገኘታቸውን ይቆጥራል። ሕያው ቀንድ አውጣዎች ሞተው በሜዳ ከቀሩበት ክዳኖችን ሰብስቦ ስንቱ በራሱ እንደተበሳ ያነጻጽራል።